አነስተኛ የንግድ ሥራ በምን ይለካል? ትርጉሙ፣ መለኪያዎቹና የሚያስከትሉት ውሳኔ

አነስተኛ የንግድ ሥራ ማለት በሠራተኞቹ ቁጥር፣ በካፒታሉ ወይም በዓመታዊ ሽያጩ መጠን ሕግ ወይም መመሪያ ካስቀመጠው ወሰን የማያልፍ፣ በባለቤቱ ወይም በአባላቱ በራሱ የሚመራ የንግድ ተቋም ነው። ይህ አጠቃላይ ትርጉም በአብዛኞቹ ሀገሮች ተቀባይነት አለው። ወሰኑ የት ላይ ይሁን የሚለው ጥያቄ ግን ከሀገር ሀገር፣ ከመሥሪያ ቤት መሥሪያ ቤትና ከጊዜ ወደ ጊዜ የተለያየ መልስ ሲሰጠው ቆይቷል።

ጉዳዩ የቃል ትርጉም ብቻ አይደለም። አንድ ተቋም "ጥቃቅን"፣ "አነስተኛ" ወይም "መካከለኛ" ተብሎ መመደቡ የመሥሪያ ቦታ ማግኘቱን፣ ለብድር የሚያመለክትበትን ተቋም፣ በመንግሥት ግዥ የሚደረግለትን ልዩ አስተያየትና ድጋፉ የሚቋረጥበትን ጊዜ ይወስናል። በመሆኑም መለኪያዎቹ ከየት እንደመጡ፣ እንዴት እንደሚሠሩና በምን ምክንያት እርስ በርስ እንደሚለያዩ ማወቅ በዘርፉ ለተሰማራ ፈጻሚ አስፈላጊ ነው።

የመጀመሪያው ብሔራዊ ትርጉም

በኢትዮጵያ ለጥቃቅንና አነስተኛ የንግድ ሥራዎች የተሟላ ብሔራዊ ትርጉም የተሰጠው የቀድሞው የንግድና ኢንዱስትሪ ሚኒስቴር በኅዳር ወር 1990 ዓ.ም. ባወጣው የጥቃቅንና አነስተኛ የንግድ ሥራዎች ልማት ስትራቴጂ ነው። በዚሁ ዓመት የፌዴራል ጥቃቅንና አነስተኛ የንግድ ሥራዎች ልማት ኤጀንሲ በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 33/1990 ተቋቁሟል።

ስትራቴጂው የወሰደው መለኪያ አንድ ብቻ ሲሆን፣ እርሱም የተከፈለ ካፒታል ነበር። የተከፈለ ካፒታሉ ከ20 ሺህ ብር የማይበልጥ ተቋም ጥቃቅን፣ ከ20 ሺህ ብር በላይ ሆኖ ከ500 ሺህ ብር የማይበልጠው ደግሞ አነስተኛ ተባለ። በሁለቱም ምድቦች ከፍተኛ ቴክኖሎጂ የሚጠቀሙ ድርጅቶችና የከፍተኛ ቴክኖሎጂ አማካሪ ድርጅቶች ከትርጉሙ ውጪ ተደርገዋል። የዚህ ገደብ ምክንያት ግልጽ ነው። አንድ የምህንድስና አማካሪ ቢሮ በጥቂት ጠረጴዛዎችና ኮምፒውተሮች ሥራውን ሊያካሂድ ይችላል፤ ካፒታሉ ትንሽ መሆኑ ግን የገበያ አቅሙ ትንሽ ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም።

ይህ መለኪያ ለአፈጻጸም ቀላል ቢሆንም ሁለት ጉድለቶች ነበሩበት። የመጀመሪያው ተቋሙ ለስንት ሰው የሥራ ዕድል እንደፈጠረ የሚያመለክት ነገር አለመያዙ ነው። የዘርፉ ዋነኛ ዓላማ ሥራ አጥነትን መቀነስ ሆኖ ሳለ የሰው ኃይል በመለኪያው ውስጥ አለመግባቱ ዓላማውንና መለኪያውን አራርቋቸዋል። ሁለተኛው ደግሞ የተከፈለ ካፒታል በምሥረታ ጊዜ በሰነድ የሚመዘገብ መጠን በመሆኑ ተቋሙ ከዓመታት በኋላ የደረሰበትን ትክክለኛ አቅም የማያሳይ መሆኑ ነው።

የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት አመዳደብ

ስትራቴጂው በካፒታል ሲለካ፣ የቀድሞው ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ባለሥልጣን በሌላ መንገድ ይመድብ ነበር። ባለሥልጣኑ የማምረቻ ተቋማትን የመደበው በሠራተኛ ቁጥርና በኃይል የሚሠራ መሣሪያ በመጠቀም ወይም ባለመጠቀም ነው። 10 እና ከዚያ በላይ ሠራተኞች ያሉትና በኤሌክትሪክ ወይም በሞተር ኃይል በሚሠራ መሣሪያ የሚያመርት ተቋም በከፍተኛና መካከለኛ ኢንዱስትሪ ውስጥ ይቆጠራል። ከ10 በታች ሠራተኞች ኖረውት በኃይል የሚሠራ መሣሪያ የሚጠቀመው አነስተኛ ኢንዱስትሪ ይባላል። ያለ ሞተር ኃይል በእጅ የሚያመርተው የጎጆና የዕደ ጥበብ ኢንዱስትሪ ነው።

በዚህ አመዳደብ መሠረት በየአካባቢው የሚገኙ ወፍጮ ቤቶች በአነስተኛ ኢንዱስትሪ ምድብ ከፍተኛውን ቁጥር ሲይዙ፣ በእጅ የሚሠሩ ሸማኔዎች፣ ሸክላ ሠሪዎችና ቆዳ ፋቂዎች በጎጆና ዕደ ጥበብ ይቆጠራሉ። የልዩነቱ ውጤት መረጃ በሚነጻጸርበት ጊዜ ይታያል። 12 ሠራተኞች ያሉትና በኤሌክትሪክ መጋዝ የሚሠራ የእንጨት ሥራ ድርጅት በስታቲስቲክስ ዘገባ ከከፍተኛና መካከለኛ ኢንዱስትሪዎች ጋር ሲቆጠር፣ በልማት ስትራቴጂው ግን አነስተኛ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በሁለት መሥሪያ ቤቶች ሪፖርት የሚገኙ "አነስተኛ" ተቋማት ቁጥሮች ትርጉማቸው ሳይመሳከር መደመርም ሆነ መወዳደር አይገባቸውም። ባለሥልጣኑ ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት ተብሎ እንደሚጠራ ይታወቃል።

የ2003 ዓ.ም. ማሻሻያ

መንግሥት በመጀመሪያው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ዘመን ስትራቴጂውን በ2003 ዓ.ም. አሻሽሏል። ኤጀንሲውም በደንብ ቁጥር 201/2003 እንደገና ተቋቁሟል። የተሻሻለው ስትራቴጂ የሰው ኃይልንና ጠቅላላ ሀብትን በአንድነት የሚመለከት ሲሆን፣ ኢንዱስትሪንና አገልግሎትንም ለያይቶ ወሰን አስቀምጧል። ወሰኖቹ የሚከተሉት ነበሩ፦

- ጥቃቅን በኢንዱስትሪ ዘርፍ፦ የሰው ኃይል እስከ 5፣ ጠቅላላ ሀብት እስከ 100 ሺህ ብር፤
- ጥቃቅን በአገልግሎት ዘርፍ፦ የሰው ኃይል እስከ 5፣ ጠቅላላ ሀብት እስከ 50 ሺህ ብር፤
- አነስተኛ በኢንዱስትሪ ዘርፍ፦ የሰው ኃይል ከ6 እስከ 30፣ ጠቅላላ ሀብት ከ100 ሺህ ብር በላይ እስከ 1.5 ሚሊዮን ብር፤
- አነስተኛ በአገልግሎት ዘርፍ፦ የሰው ኃይል ከ6 እስከ 30፣ ጠቅላላ ሀብት ከ50 ሺህ ብር በላይ እስከ 500 ሺህ ብር።

በኢንዱስትሪ ዘርፍ ሥር ማኑፋክቸሪንግ፣ ኮንስትራክሽንና ማዕድን ተካተዋል። በአገልግሎት ዘርፍ ደግሞ የችርቻሮ ንግድ፣ ትራንስፖርት፣ ሆቴልና ቱሪዝም፣ የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂና የጥገና ሥራዎች ይገኛሉ። የሰው ኃይሉ ሲቆጠር ባለቤቱና አብረውት የሚሠሩ የቤተሰቡ አባላት ከተቀጣሪዎች ጋር ተደምረው ነው። ደመወዝ አይከፈላቸውም ተብለው የሚቀሩ የቤተሰብ አባላት ተቋሙን ከእውነተኛ መጠኑ አሳንሰው ስለሚያሳዩት ይህ ነጥብ በምዝገባ ወቅት ጥንቃቄ ይጠይቃል።

በ2008 ዓ.ም. በተዘጋጀው ሁለተኛው የፖሊሲና ስትራቴጂ ሰነድ የብር ወሰኖቹ ሳይለወጡ የቀጠሉ ሲሆን፣ ካፒታሉ ሲሰላ ሕንጻ እንዳይካተት ተደርጓል። በዚሁ ዓመት የቀድሞው ኤጀንሲ ሥራ ለሁለት ተከፍሎ፣ የከተሞች የሥራ ዕድል ፈጠራና የምግብ ዋስትና እንዲሁም የአነስተኛና መካከለኛ ማኑፋክቸሪንግ ኢንዱስትሪ ልማት ኤጀንሲዎች ተቋቁመዋል። ለማኑፋክቸሪንግ ዘርፍም ከ31 እስከ 100 የሰው ኃይልና ከ1.5 ሚሊዮን እስከ 20 ሚሊዮን ብር ካፒታል ያለው ተቋም "መካከለኛ" እንዲባል የሚያደርግ ወሰን ተቀምጧል። በአዋጅ ቁጥር 1263/2014 መሠረት የአስፈጻሚ አካላት እንደገና ሲደራጁ የሥራ ዕድል ፈጠራ ወደ ሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ተዛውሯል፤ የማኑፋክቸሪንግ ኢንተርፕራይዞችን የመደገፍ ኃላፊነት ደግሞ ለኢትዮጵያ ኢንተርፕራይዝ ልማት ተሰጥቷል።

ሁለቱ መለኪያዎች ሳይስማሙ ሲቀሩ

ሁለት መለኪያዎች በአንድነት ሥራ ላይ ሲውሉ የማይስማሙበት ሁኔታ መከሰቱ አይቀርም። የ2003 ዓ.ም. ስትራቴጂ ለዚህ መፍትሔ አስቀምጧል። የሰው ኃይሉና ጠቅላላ ሀብቱ ተቋሙን በተለያየ ምድብ የሚያስቀምጡት ከሆነ ቅድሚያ የሚሰጠው ለጠቅላላ ሀብቱ ነው።

አሠራሩን በምሳሌ መመልከት ይቻላል። 12 አባላት ያሉት የልብስ ስፌት ኢንተርፕራይዝ ጠቅላላ ሀብቱ 90 ሺህ ብር ቢሆን በሰው ኃይሉ አነስተኛ፣ በሀብቱ ደግሞ ጥቃቅን ይሆናል። ሀብት ቅድሚያ ስለሚሰጠው ምድቡ ጥቃቅን ነው። በተቃራኒው 4 ሰዎች የሚሠሩበት የብረታ ብረት ሥራ ኢንተርፕራይዝ 400 ሺህ ብር የሚያወጡ ማሽኖች ቢኖሩት በሰው ኃይሉ ጥቃቅን ቢመስልም ምድቡ አነስተኛ ይሆናል።

የዘርፉ ልዩነትም ውጤቱን ሊለውጥ ይችላል። 4 ሠራተኞችና 70 ሺህ ብር ሀብት ያለው ተቋም የቤት ዕቃ የሚያመርት ከሆነ ጥቃቅን ነው። ይኸው መጠን ያለው ተቋም ምግብ ቤት ከሆነ ግን የአገልግሎት ዘርፉ የ50 ሺህ ብር ወሰን ስለታለፈ አነስተኛ ይባላል። የቤት ዕቃ እያመረተ በተጓዳኝ የሚጠግን ድርጅት በየትኛው ዘርፍ ይመዘገብ የሚለው ጥያቄ በዚህ ምክንያት ክብደት አለው። ዋና ሥራውን የሚለየው ገቢው በአብዛኛው የሚገኝበት ተግባር ሊሆን ይገባል እንጂ በንግድ ፈቃዱ ላይ ቀድሞ የተጻፈው ቃል ብቻ መሆን የለበትም።

ካፒታል የሚለው ቃል ራሱ ማብራሪያ የሚያሻው ነው። የተከፈለ ካፒታል መሥራቾቹ ያዋጡት መዋጮ ነው። ጠቅላላ ሀብት በተቋሙ እጅ የሚገኘው ጥሬ ገንዘብ፣ ጥሬ ዕቃ፣ ያለቀለት ምርት፣ ማሽንና መሣሪያ እንዲሁም ከሌሎች የሚሰበሰብ ሒሳብ ድምር ነው። የተጣራ ሀብት ደግሞ ከዚህ ድምር ላይ ዕዳ ሲቀነስ የሚቀረው ነው። በ80 ሺህ ብር ሀብት ላይ የ300 ሺህ ብር ብድር ወስዶ ማሽን የገዛ ኢንተርፕራይዝ ጠቅላላ ሀብቱ 380 ሺህ ብር ይሆናል፤ በተጣራ ሀብት ሲታይ ግን ያለው ቀድሞ የነበረው 80 ሺህ ብር ነው። በጠቅላላ ሀብት የሚለካ አሠራር ተበዳሪውን ብድሩን ባገኘበት ዕለት ወደ ላይኛው ምድብ ያሸጋግረዋል ማለት ነው። በዱቤ ግዥ ኪራይ የተወሰደ ማሽን ክፍያው እስኪጠናቀቅ ድረስ ባለቤትነቱ የአከራዩ ሆኖ ስለሚቆይ፣ እርሱም በሀብት ቆጠራ ጊዜ ተለይቶ ሊመዘገብ ይገባዋል።

የግብርና የንግድ ሕግ መለኪያዎች

የግብር ሕግ የተቋሙን መጠን የሚያየው በሽያጭ ነው። በ1994 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 286 ዓመታዊ ሽያጩ 500 ሺህ ብርና ከዚያ በላይ የሆነውን ግብር ከፋይ በደረጃ "ሀ"፣ ከ100 ሺህ ብር በላይ ሆኖ ከ500 ሺህ ብር በታች የሆነውን በደረጃ "ለ"፣ እስከ 100 ሺህ ብር የሆነውን በደረጃ "ሐ" መድቦ ነበር። አዋጅ ቁጥር 979/2008 የደረጃ "ሀ" መነሻን ወደ 1 ሚሊዮን ብር፣ የደረጃ "ለ" መነሻን ወደ 500 ሺህ ብር ከፍ አድርጓል። በ2017 ዓ.ም. የወጣው ማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 1395 ደግሞ ደረጃ "ሐ"ን አስቀርቶ ሁለት ደረጃዎችን ብቻ የያዘ ሲሆን፣ መለያ ወሰኑን 2 ሚሊዮን ብር አድርጎታል።

በመርሕ ደረጃ ድርጅት የሆነ ግብር ከፋይ ሽያጩ ዝቅተኛ ቢሆንም በደረጃ "ሀ" ውስጥ የሚመደብ በመሆኑ የሒሳብ መዝገብ የመያዝ ግዴታ አለበት። ስለዚህ በልማት ድጋፍ ሰጪው መሥሪያ ቤት "አነስተኛ" የተባለ ተቋም በገቢዎች መሥሪያ ቤት ከትልልቅ ድርጅቶች ጋር በአንድ ደረጃ ሊገኝ ይችላል። አንዱ መሥሪያ ቤት የሚሰጠው የምድብ ማስረጃ በሌላው ዘንድ ያንኑ ትርጉም እንደማይዝ ለአንቀሳቃሾች አስቀድሞ ማስረዳት አላስፈላጊ ቅጣትና ቅሬታን ይቀንሳል።

የንግድ ሕግም የራሱ መስመር አለው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ ነጋዴን የለየው በሚሠራው ሥራ ዓይነት ነበር። በራሱ የእጅ ሙያ ከቤተሰቡ ወይም ከጥቂት ረዳቶች ጋር የሚተዳደረውን የእጅ ባለሙያ ከነጋዴ ለይቶ አስቀምጦት እንደነበር ይታወሳል። ይህ ሕግ በአብዛኛው በ2013 ዓ.ም. በወጣው የንግድ ሕግ አዋጅ ቁጥር 1243 ተተክቷል።

ምድቡ የሚከፍታቸው በሮች

መንግሥት ለዘርፉ የሚያደርገው ድጋፍ በአመዛኙ በአምስት መስኮች የሚጠቃለል ሲሆን፣ እነዚህም የመሥሪያና የመሸጫ ቦታ፣ የብድር አቅርቦት፣ የገበያ ትስስር፣ የሥልጠናና የቴክኖሎጂ ድጋፍ እንዲሁም የምዝገባና የፈቃድ አገልግሎትን በአንድ ማዕከል መስጠት ናቸው። አገልግሎቱ ለማን ይሰጥ የሚለው የሚወሰነው በምድቡ ነው።

የገበያ ትስስር በተጨባጭ የታየው በ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ በአዲስ አበባ በተጀመረው የጋራ መኖሪያ ቤቶች ግንባታ ነው። በዚህ ፕሮግራም ብሎኬት፣ የወለል ቅድመ ግንባታ አካላት፣ በርና መስኮት የሚያመርቱ ጥቃቅንና አነስተኛ ተቋማት በሰፊው ተሳትፈዋል። የኮብልስቶን መንገድ ሥራም ድንጋይ ፈልፋዮችን፣ ጠራቢዎችንና አንጣፊዎችን በማደራጀት የተከናወነ ነበር። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የመንግሥት ግዥና ንብረት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 649 ለጥቃቅንና አነስተኛ ተቋማት በጨረታ ልዩ አስተያየት እንዲደረግ ፈቅዷል። የጨረታ ማስከበሪያ ገንዘብ ማስያዝ ላልቻሉም የአደራጃቸው አካል የዋስትና ደብዳቤ እንዲቀበላቸው የሚደረግበት አሠራር ተግባራዊ ሆኖ ቆይቷል።

በፋይናንስ በኩል በ1988 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 40 የተፈቀዱት፣ ኋላም በአዋጅ ቁጥር 626/2001 የሚተዳደሩት አነስተኛ የፋይናንስ ተቋማት የጥቃቅን አንቀሳቃሾች ዋነኛ የብድር ምንጭ ሆነዋል። ባንኮች ለብድር የሚጠይቁት የቤትና የሕንጻ መያዣ ለአብዛኞቹ አነስተኛ ተቋማት የማይደረስበት ነበር። ይህን ችግር ለማቃለል በ2011 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1147 ማሽን፣ ዕቃና የመሳሰሉት ተንቀሳቃሽ ንብረቶች ለብድር ዋስትና መዋል የሚችሉበት ሥርዓት ተዘርግቷል።

ከዚህ አንጻር ሲታይ ወሰኑን ማለፍ ለአንድ ኢንተርፕራይዝ ሁልጊዜ የምሥራች አይሆንም። ከአነስተኛ ወደ መካከለኛ የሚሸጋገር ተቋም በዝቅተኛ ኪራይ የሚጠቀምበትን ሼድ ለተተኪ እንዲለቅ፣ የጨረታ ልዩ አስተያየቱን እንዲያጣና ለብድር ከባንክ ጋር እንዲገናኝ ይጠበቃል። በባንክ ዓይን ግን ገና ትንሽ ሊሆን ይችላል። በዚህ ምክንያት ሠራተኛን አለማስመዝገብ፣ ማሽንን በግለሰብ ስም ማድረግ ወይም አንድን ተቋም ለሁለት ከፍሎ ማስመዝገብ ዕድገትን የመደበቂያ መንገዶች ሊሆኑ ይችላሉ። ድጋፉ ወሰኑ ላይ ሲደርስ በአንድ ጊዜ ከሚቋረጥ ይልቅ ደረጃ በደረጃ እንዲቀንስ ማድረግ ይህን ግፊት ያቃልላል። የ2003 ዓ.ም. ስትራቴጂ ኢንተርፕራይዞችን ጀማሪ፣ ታዳጊና የበቃ በሚሉ የዕድገት ደረጃዎች ከፍሎ ለየደረጃው የተለየ ድጋፍ እንዲሰጥ ያደረገበት ምክንያትም ይኸው ነው።

የሌሎች ሀገሮች አሠራር

የአውሮፓ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጣው የውሳኔ ሐሳብ ከ10 ሠራተኞች በታች ያለውንና ዓመታዊ ሽያጩ ወይም የሀብት መዝገቡ ከ2 ሚሊዮን ዩሮ የማይበልጠውን ተቋም ጥቃቅን፣ ከ50 በታች ሠራተኞችና እስከ 10 ሚሊዮን ዩሮ ያለውን አነስተኛ ብሎታል። ከዚህ በተጨማሪ ተቋሙ ራሱን የቻለ መሆኑ ይጣራል። የትልቅ ኩባንያ ቅርንጫፍ የሆነ ድርጅት ሠራተኞቹ ጥቂት ቢሆኑም የእናት ኩባንያው መጠን ይደመርበታል።

በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1953 የወጣው ሕግም አነስተኛ የንግድ ሥራ በባለቤትነትም በአመራርም ራሱን የቻለና በመስኩ የበላይነት የሌለው ሊሆን እንደሚገባ ይደነግጋል። የቁጥር ወሰኑ ግን እንደ ኢንዱስትሪው ዓይነት ይለያያል። በአንዳንድ የማምረቻ መስኮች እስከ 1,500 ሠራተኞች ያሉት ድርጅት በሕጉ አነስተኛ ሊባል ይችላል። ጎረቤት ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣችው ሕግ ከ10 በታች ሠራተኞችና እስከ 500 ሺህ የኬንያ ሽልንግ ዓመታዊ ሽያጭ ያለውን ጥቃቅን፣ ከ10 እስከ 50 ሠራተኞችና እስከ 5 ሚሊዮን ሽልንግ ሽያጭ ያለውን አነስተኛ ብላዋለች።

የሕንድ ልምድ በተለይ ትኩረት የሚስብ ነው። ሀገሪቱ እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጣችው ሕግ በማሽንና መሣሪያ ላይ የዋለ ኢንቨስትመንትን መለኪያ ያደረገች ሲሆን፣ ለጥቃቅን አምራች የተቀመጠው ጣሪያ 2.5 ሚሊዮን ሩፒ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2020 የአምራችና የአገልግሎት ልዩነት ቀርቶ ኢንቨስትመንትና ሽያጭ በአንድነት መለኪያ ሆኑ፤ የጥቃቅን ጣሪያም ወደ 10 ሚሊዮን ሩፒ ኢንቨስትመንትና 50 ሚሊዮን ሩፒ ሽያጭ ከፍ አለ። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2025 እነዚህ መጠኖች እንደገና ወደ 25 ሚሊዮንና 100 ሚሊዮን ሩፒ አድገዋል። ወሰን በየጊዜው ካልታደሰ ትርጉሙን እንደሚያጣ ይህ ምሳሌ ያስረዳል።

የገንዘብ ዋጋ ሲለወጥ

በብር የተቀመጠ ወሰን በሰነድ ላይ ሳይለወጥ ቢቆይም የሚወክለው እውነተኛ አቅም ይለወጣል። በ1990 ዓ.ም. አንድ የአሜሪካ ዶላር ወደ 7 ብር ገደማ በሚመነዘርበት ጊዜ የአነስተኛ ተቋም ጣሪያ የነበረው 500 ሺህ ብር ከ70 ሺህ ዶላር በላይ ያህል ነበር። በ2003 ዓ.ም. ምንዛሪው ከ16 እስከ 17 ብር ገደማ ሲሆን፣ የኢንዱስትሪ ዘርፉ አዲስ ጣሪያ የሆነው 1.5 ሚሊዮን ብር ወደ 90 ሺህ ዶላር ይጠጋ ነበር።

የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ባደረገበት በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. ዋዜማ አንድ ዶላር በ57 ብር ገደማ ይመነዘር ነበር። በዚህ ተመን 1.5 ሚሊዮን ብር ወደ 26 ሺህ ዶላር ብቻ ነው። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ተመኑ ከ100 ብር በላይ በመድረሱም ይኸው መጠን ከ15 ሺህ ዶላር በታች ሆኗል። ማሽንና መለዋወጫ በአብዛኛው ከውጭ የሚገባ በመሆኑ ይህ ስሌት በወረቀት ላይ የሚቀር አይደለም። በ2003 ዓ.ም. ሦስትና አራት ማሽን ገዝቶ በአነስተኛ ምድብ የሚቆይ አምራች፣ ከዓመታት በኋላ በዚያው ወሰን ቢመዘን ከእነርሱ በጥራት የማይሻል አንድ ማሽን ብቻ ይዞ ጣሪያውን ሊነካ ይችላል። ተቋሙ ሳያድግ በቁጥር አድጓል ይባላል፤ ድጋፉም ሊቆምበት ይችላል።

የሠራተኛ ቁጥር ከዋጋ ንረት ጋር የማይዋዥቅ መለኪያ ነው። ይሁን እንጂ ብቻውን ከተወሰደ በሰው ጉልበት የሚሠራውን ትልቅ፣ በማሽን የሚሠራውን ትንሽ አድርጎ ያሳያል። ሽያጭ የተቋሙን እንቅስቃሴ በተሻለ ቢያንጸባርቅም የሒሳብ መዝገብ በማይያዝበት ቦታ በግምት ላይ ይመሠረታል። እያንዳንዱ መለኪያ የራሱ ጉድለት ስላለው አብዛኞቹ ሀገሮች ሁለት ወይም ሦስት መለኪያዎችን አጣምረው ይጠቀማሉ።

ለፈጻሚዎች የሚጠቅሙ ነጥቦች

ከላይ ከቀረበው ማብራሪያ በመነሳት በየደረጃው የሚገኙ ፈጻሚዎች አንድን ተቋም ሲመድቡ የሚከተሉትን ማጤን ይኖርባቸዋል።

አንደኛ፣ ሥራ ላይ የሚውለው መመሪያ በየትኛው ዓመት እንደወጣና በሌላ ተተክቶ እንደሆነ መረጋገጥ አለበት። በቀድሞ ሰነድ መሠረት የተሰጠ የምድብ ማስረጃ አዲስ መብት ለመስጠት ወይም ለመንፈግ ሳይመረመር ማገልገል የለበትም።

ሁለተኛ፣ ምድቡ ለምን ዓላማ እንደተጠየቀ መለየት ያስፈልጋል። ለድጋፍ፣ ለግብር፣ ለጨረታና ለስታቲስቲክስ የሚውሉት ትርጉሞች የተለያዩ በመሆናቸው አንዱን በሌላው መተካት አይቻልም።

ሦስተኛ፣ የሰው ኃይል ቆጠራ ባለቤቱንና የቤተሰብ አባላትን ጨምሮ፣ የሀብት ቆጠራው ደግሞ የሕንጻን፣ የብድርንና የኪራይ ማሽንን ሁኔታ ለይቶ በጽሑፍ መያዝ ይኖርበታል። የቆጠራው ቀን በሰነዱ ላይ መስፈሩ በኋላ ለሚነሳ ቅሬታ ምላሽ ለመስጠት ያግዛል።

አራተኛ፣ ተቋሙ ራሱን የቻለ መሆኑ ሊጣራ ይገባል። በአንድ ባለሀብት የሚንቀሳቀሱና በተለያየ ስም የተመዘገቡ ድርጅቶች ለአነስተኛ ተቋማት የታሰበውን ቦታና ብድር ሲወስዱ ተጎጂ የሚሆነው ተራውን የሚጠብቅ ሥራ ፈላጊ ነው።

አምስተኛ፣ አንድ ኢንተርፕራይዝ ወሰኑን አልፏል ሲባል ያደገው ምርቱ፣ ሠራተኛውና ገበያው ነው ወይስ የንብረቱ የብር ግምት ብቻ የሚለው ከሽግግር ውሳኔ በፊት ተመርምሮ ለሚመለከተው የበላይ አካል በሪፖርት ሊቀርብ ይገባል። ወሰኖች የሚሻሻሉት ከታች በሚደርስ ተጨባጭ መረጃ በመሆኑ የወረዳው ባለሙያ የሚይዘው መዝገብ ለፖሊሲ አውጪው ዋነኛ ግብዓት ነው።

የአነስተኛ የንግድ ሥራ ትርጉም ድጋፍ የሚያስፈልገውን ከማያስፈልገው ለመለየት የተበጀ የአሠራር መሣሪያ ነው። መሣሪያው በየጊዜው እየተፈተሸና እየታደሰ ሲሠራበት ውስን የሆነው የመንግሥት ሀብት ለታለመለት አንቀሳቃሽ ይደርሳል። ሳይታደስ ሲቀር ግን ለማደግ የሚጥረውን አምራች ከድጋፍ ውጪ ያደርጋል፤ ላለማደግ የሚጠነቀቀውን ደግሞ ባለበት እንዲቆይ ያበረታታል።